ፎቶውን ያበላሸች አውራ ጣት

የሰፈሩ ልጆች «ንፋሱ» የሚሉትን ሯጭ አንዲት የማትረባ ቢምቢ ነክሳ አልጋ ላይ ዘረረችው ቢባል ማን ያምናል? ትኩሳቱ ሲለቀው ግራ እግሩን ይዞበት ሄደ። እግሩ ሲቆነጥጡት ይሰማዋል፣ ሲያዙት ግን አይታዘዝም።

ሐኪሙ «ቢምቢዋ ያስገባችው ቫይረስ ወይ አንጎሉን ወይ ህብለ ሰረሰሩን ነክቶት ይሆናል፤ በኤምአርአይ ማሽን አንስተን እንየው» አለ። እናቱ ግን ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፤ «እግሩ ይነሳል ወይ?»

«ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ተስፋ አለው።»

ንፋሱ ማሽኑን ሲያይ ላብ አጠመቀው። «እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ልታስገቡኝ?»

«ሜዳ ላይ አንበሳ፣ እዚህ ጫጩት!» አለችው ቃሪያ፣ ታናሽ እህቱ።

የማሽኑ ባለሙያ ሳቀች። ማሽኑ አጠገብ ብረት አይፈቀድምና የቃሪያን ሎቲና የፀጉር ሽቦ አስወልቃ፣ ጆሮዋን አስደፍና እግርጌው አስቀመጠቻት። «እግሩን ይዘሽ አበርቺው። እሱ ግን ንቅንቅ እንዳይል፤ ፎቶው ይበላሻል።»

የአንጎሉ ፎቶ በሰላም አለቀ። ጀርባውን ለማንሳት ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ኳኳታውን ለቀቀው። የቃሪያ እጅ ደግሞ መቼ ያርፋል! ጠዋት ጠዋት ንፋሱን ከእንቅልፉ የምትቀሰቅሰው የእግሩን አውራ ጣት ጠምዝዛ ነው። ሳታስበው ያችኑ የግራዋን ጠመዘዘቻት። ጣቲቱ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የቃሪያን እጅ ገፋ አደረገች!

ቃሪያ ጮኸች። ንፋሱ ውስጥ ሆኖ «ተይ አንቺ!» እያለ በሳቅ ተንፈራፈረ። ኳኳታው ቀጥ አለ።

«ማነው የተነቃነቀው?» የባለሙያዋ ድምፅ በማጉያው አንባረቀ።

«እሱ ነው!» አለች ቃሪያ።

«አትነቃነቅ አላልኩም?»

«እትዬ፣ በግራ እግሩ እኮ ነው! በግራው!»

ባለሙያዋ በሩን በርግዳ ገባች። «እስቲ ድገመው።»

ንፋሱ ጥርሱን ነከሰ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጣቲቱ መልሱን እንደማያውቅ ተማሪ እያቅማማች ቀና አለች።

«እናቱን ጥሩልኝ!»

እናቱ አምባሯን ኮሪደሩ ላይ እየወረወረች መጣች። ጣቲቱን አይታ ሳትጨርስ እልልታዋን አቀለጠችው።

«በሉ ውጡ፣ ከመጀመሪያው ላነሳው ነው» አለች ባለሙያዋ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አንተ ደግሞ ንቅንቅ እንዳትል!»

«ወይ ጣጣ!» አለ ንፋሱ። «ሳምንቱን ሙሉ ተነቃነቅ፣ ተነቃነቅ ስትሉኝ ከርማችሁ፣ አሁን ስነቃነቅ ቁጣ?»