ከየት የመጣ ብር

ልብስ ሰፊዋ የእስክሪብቶውን ጫፍ ወረቀቱ ላይ ካሳረፈች በኋላ፣ ሳትፈርም ቀና አለች።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄን ሁሉ ብር የምትሰጡኝ ከማን አምጥታችሁ ነው?"

መነጽር ያደረገው የባንክ ሠራተኛ ፈገግ አለ። አጠገቧ የተቀመጠው ታክሲ ነጂው ባሏ ግን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ጠብቀው መግባታቸው ገና አሁን ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችበትን ባለአምስት ክፍል ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። አንዱን ክፍል እሷ፣ አራቱን ጎረቤቶቿ ተከራይተው ይሠሩበታል። ሌላ ሰው ከቀደማት የስፌት መኪናዎቿን ይዛ መንገድ ላይ መቅረቷ ነው። ባንኩ ደግሞ ቤቱን ራሱን በመያዣነት ይዞ ሙሉ ዋጋውን ሊያበድራት ተስማምቷል።

"ከማንም አናመጣም፣ እትዬ" አላት ልጁ። "እርስዎ ሲፈርሙ እኔ ሂሳብዎ ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ያኔ ብሩ ይፈጠራል። ዋናውን ሲከፍሉን ደግሞ ይጠፋል፤ ወለዱ ለእኛ ይቀራል። እርግጥ ገደብ አለው፣ ተቆጣጣሪም አለብን።"

"በቃ በጣትህ?"

"በጣቴ።"

ባሏ ሳቁ አመለጠው። "እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ መሪ ስጨብጥ፣ ለካ መጨበጥ የነበረብኝ እስክሪብቶ ነው!"

እሷ አልሳቀችም። የደንበኛ ልክ ስትወስድ እንደምታደርገው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አሰበች።

"እሺ፣ ታዲያ አንተ የጻፍከው ቁጥር እንዴት ዳቦ ይገዛል?"

"ሠርተው እንደሚከፍሉ ስለምናምን ነዋ።"

"እኔ ብቻዬን?"

ልጁ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። "ተከራዮቹም አሉበት። የወሩ ክፍያ እንዲሸፈን የአራቱን ክፍሎች ኪራይ እጥፍ አድርገን ነው ያሰላነው።"

ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗ ላይ ድቅን አለችባት። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ኪራይ ሲጨመርባት እሷም ደንበኛዋ ላይ ትጨምራለች፤ ጫማ ሰሪው በሶሉ ላይ፣ ባለዳቦ ቤቱም በዳቦው ላይ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈች ቁጥር ዞራ ዞራ ሰፈሩን ሁሉ ታዳርሳለች። የኪራይ መናር እስከዛሬ ከሰማይ የወረደ መዓት ይመስላት ነበር። ለካ አንድ ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ ፈርሞ ኖሯል።

"ፈርሚ እንጂ" አላት ባሏ በሹክሹክታ። "ሰው ይቀድመናል።"

"ዕዳው የሚቆመው በአምስት ሰው ትከሻ ከሆነ፣ ቤቱ የአንድ ሰው የሚሆነው ለምንድን ነው?"

ባሏ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ወደ ልጁ ዞረች። "ለአምስት ሰው በጋራ ታበድራላችሁ?"

"ማኅበር ከመሠረታችሁ እናበድራለን። ግን ባለቤቱ ከዓርብ በላይ አልጠብቅም ብሏል። ሦስት ቀን ነው ያለዎት፤ አይበቃዎትም።"

"እሱን ለእኔ ተወው። ስንቷን ሙሽራ በአንድ ቀን ቬሎ አድርሼ የሸኘሁ ሰው ነኝ።"

ከወንበሯ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

"በል፣ አምስት ባዶ ፎርም ስጠኝ።"