የማኖል አቅማዳ

የባሌ የማኖል አፍ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ወይ ሲጋራ ወይ የጋይዳው መንፊያ አለበት። ጋይዳ እኛ የሮዶፒ ተራራ ሰዎች የምንጫወተው ባለ አቅማዳ ዋሽንት ነው። ተጫዋቹ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን አቅማዳ በትንፋሹ ይሞላና በብብቱ ሲጫነው ዋሽንቱ ያለቅሳል። እኔንም ያጠመደኝ በዚሁ ነው እንጂ ጥርሱማ ያኔም ብጫ ነበር።

ባለፈው የበረዶ ወራት ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ጎትቼ ከተማ ወሰድኩት። ሐኪሟ የደረቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ፣ «ጭሱ ሳንባዎን ጎድቶታል፤ የተጎዳው አይመለስም። ዛሬ ካቆሙ ግን የቀረው ይተርፋል» አለችው።

«የኔ ልጅ፣» አላት ማኖል፣ «ፎቶ እንኳን ሳንባዬን፣ መልኬንም አስተካክሎ አሳይቶ አያውቅም።»

ከሐኪም ቤቱ በር ሳንርቅ ለኮሰ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ፤ እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! «ይሄን ቤት የሠራው ትምባሆ አይደለም እንዴ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ትምባሆ አብቃዮች ነን። ቢሆንም ቤት የሠራ ሁሉ ባለቤቱን ይቅበር አልተባለም።

ልጃችን ካሊና በመስከረም እንድታገባ ቀን ተቆርጦ ነበር። በመንደራችን ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በጋይዳ ነው፤ ዜማው መሃል ላይ ከተቋረጠ ገደ ቢስ ነው ይባላል። የሰውን ሴት ልጅ ሁሉ ሲሸኝ የኖረው ማኖል፣ ለራሱ ልጅ ሲለማመድ ግን ገና ግማሽ ሳይደርስ ሳል ይጥለው ጀመር።

«አቅማዳው አየር እያስወጣ ነው» አለና ወደ ጋይዳ ሠሪው ሄድን። አሰን ይባላል፤ በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠን «ባይ አሰን» እንለዋለን። አቅማዳውን ነፍቶ ጆሮውን ለጠፈበት።

«ምንም አያስወጣም።»

«ጆሮህ አርጅቶ ነው እንጂ ያስወጣል፣ ባይ አሰን!»

ሽማግሌው ማሰሪያውን ፈታና አቅማዳውን እንደ ካልሲ ገለበጠው።

ሲሰፋ ነጭ የነበረው ቆዳ ጠቁሯል። ዝፍት የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል፤ ሽታው የሲጋራ መተርኮሻ ነው። አሁን ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። ማኖል ግን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው።

«ሰቭዳ፣» አለኝ፣ «ይሄ እኮ እኔ ውስጥ ካለፈ በኋላ የተረፈው ነው።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እዚህ የቀረውስ?»

«ለዚህኛው ሌላ ቆዳ አለኝ» አለ አሰን ቀስ ብሎ። «ለዚያኛው የለኝም።»

በዚያው ቀን አቆመ። አቆመ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ድመቷን ይሰድባል፣ ሾርባው ጨው በዛበት ይላል፣ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ገለባውን ቤቱ ሁሉ ላይ ይዘራዋል። ሁለቴ ትምባሆ ማድረቂያው ውስጥ ቅጠል ሲያሸት አገኘሁትና አይቼ እንዳላየሁ ተመለስኩ። አሳዘነኝ። ሳሉ እየቀነሰ ሄደ፤ የተጎዳው ሳንባ ግን ሐኪሟ እንዳለችው አልተመለሰም።

የሠርጉ ጠዋት ካሊና የቤቱ ደፍ ላይ ቆመች። ማኖል አሰን የሰፋለትን አዲስ ነጭ አቅማዳ ሞልቶ ጀመረ። ልጄ የግቢው በር ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ ሲቀራት አቅማዳው ይሟሽሽ ጀመር። ማኖል ይታገላል፣ የሚገባ ትንፋሽ የለም። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ዓይኑ እኔን ፈለገ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሮጬ መንፊያውን ከአፉ ቀማሁትና ነፋሁ። ሠላሳ ዓመት ስጨቀጭቀው የኖርኩበት ሳንባ ለካ ለዚህ ኖሯል! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እነፋለሁ፣ እሱ በጣቶቹ ይጫወታል፤ አፍንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ካሊና እያለቀሰችም እየሳቀችም ከግቢው ወጣች፤ ዜማውም ያን ጊዜ አለቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣» አለኝ እያለከለከ፣ «ጠዋት ሽንኩርት በልተሻል። አሁን አቅማዳዬ ሽንኩርት ሽንኩርት ሊል ነው።»

«ይበል» አልኩት። «አንተ ብቻ ኑርልኝ።»