የገዛ ውሻውን ያባረረ ዳኛ

በሃርሎ መንደር ሹመት ፈልጎ የሚያገኝ የለም፤ ወጣ ብሎ የሚመለስ ነው የሚያገኘው። ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል መንደርተኛው በየዓመቱ መጋቢት ላይ አዳራሽ ተሰብስቦ ሕጉንም ሹሙንም እጅ እያወጣ ይወስናል። የሃርሎ ሹመት ግን ደሞዝ የለው፣ ምስጋና የለው፣ ትርፉ ስድብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሽንቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም፤ የወጣውን ሹመቱን ያሸክሙታላ።

ኤልዊን ስቶዳርድን ያጠፋው የሜፕል ዛፉ ነው። መጋቢት የዛፉ ጭማቂ ተቀድቶ ሽሮፕ እስኪሆን የሚፈላበት ወር ስለሆነ፣ በስብሰባው መሐል እሳቱን ሊያይ ብድግ ይላል። አንድ ዓመት እሳት ቆስቁሶ ሲመለስ የመንደሩ ሕግ አውጪ አድርገው ጠበቁት። በሌላው ዓመት ፖሊስ። ከዚያ ዳኛ፤ የፊተኞቹም ሳይነሱለት። እሳቱን ብሎ የሚወጣ ሰው እኮ አይማርም!

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ኤልዊን ግን ሕገ መንግሥቱን በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ሦስቱ ሥልጣኖች በአንድ ሰው እጅ ከገቡ አገር ጠፋ ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ከገዛ ራሱ አምባገነን እንዳይወጣ ሰጋ። መላ ሲያወጣ ከርሞ ሦስት ባርኔጣ አዘጋጀ፦ ሕግ ሲያወጣ የገለባ፣ ሲያስፈጽም ቀይ የአደን ቆብ፣ ሲፈርድ ደግሞ የሟች ሚስቱን ጥቁር የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ፣ ከነሪባኑ። አንዱ ባርኔጣ የሰማውን ሌላው እንዳልሰማ ይቆጠራል። መንደሩ በሳቅ ሞተ፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም።

ጣጣው የመጣው በታከር ነው። ታከር ውሻው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የሚተነፍስ ፍጡር ያ ውሻ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቱ በርኒስ ኮልቢ የሞተች ዶሮ በባልዲ ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች።

«ኤልዊን፣ ያ ውሻህ ዶሮዬን ፈጃት። ይቺ ሁለተኛዋ ናት።»

«ለማን ነው የምትነግሪው?»

«ለግድግዳው! ለአንተ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ?»

«ለፖሊሱ ከሆነ ቆቤን ላምጣ።»

ቀዩን ቆብ ደፍቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። ታከር ምድጃው ሥር ተጋድሟል፤ አፉ ላይ ላባ ተለጥፏል። ኤልዊን ልቡ ስንጥቅ አለ። ሁለት ጊዜ ዶሮ የገደለ ውሻ ከመንደሩ ወሰን ይባረር የሚለውን ሕግ የጻፈው እሱ ራሱ ነው፣ በገለባው ባርኔጣ። ትንሽ ቆሞ አሰበና ፊቱ በርቶ ወጣ።

«ላባ አግኝቻለሁ» አላት። «ግን ማስረጃው ውድቅ ነው። ያለ ዳኛ ትእዛዝ የሰው ቤት ፈትሻለሁ፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል።»

«የሰው ቤት? የገዛ ቤትህ አይደለም እንዴ?»

«ቢሆንስ? ባለቤቱን አስፈቅጄዋለሁ? አላስፈቀድኩትም።»

በርኒስ ባልዲዋን አስቀመጠች። ሞኝ ሴት አይደለችም፤ ደግሞም የሚያንገበግበው በፍርድ የሄደች በቅሎ ሳትሆን ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ነው። «ጥሩ። እንግዲያው ዳኛውን ትእዛዝ ጠይቀው። እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ምን ያድርግ? ቀዩን አውልቆ ጥቁሩን ደፋ፤ «በምን ጠርጥረህ ነው?» ብሎ ፖሊሱን ጠየቀ። ጥቁሩን አውልቆ ቀዩን ደፋ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ያየውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የማይሆንለት ነገር ቢኖር ውሸት ነው። «ዶሮ ሲያባርር አይቼዋለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ። ትእዛዙን ፈረመ፤ ተቀበለ፤ ገባ፤ ላባውን አገኘ። ታከር የመታሻ ሰዓቱ የደረሰ መስሎት በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን ሰጠው።

ማንም በራሱ ጉዳይ አይፈርድምና ኤልዊን አሥራ ሁለት ጎረቤት ጠርቶ ማድ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠ። ፓንኬክ ጋገረላቸው፣ ሽሮፕ አፈሰሰላቸው። የውሻው ባለቤት ሆኖ ሲጠየቅ በራሱ ላይ ላለመመስከር መብቱን ጠቅሶ ዝም አለ፤ ወዲያው ጥቁሩን ባርኔጣ ደፍቶ «ዝም በማለቱ ክፉ እንዳታስቡበት» ብሎ አሥራ ሁለቱን አስጠነቀቃቸው። ሹካቸውን እየላሱ እሺ አሉ። ሽሮፑን ጨርሰው ውሻው ጥፋተኛ ነው ብለው ወጡ። ኤልዊን ፍርዱን ሲያነብ ሪባኑ እንባው ላይ ይጣበቅበት ነበር።

የሃርሎና የሊስኮም መንደሮች ወሰን የሚያልፈው በኤልዊን ቤት መሐል ነው። ምድጃው ሃርሎ ነው፤ የጓዳው በር ከታለፈ ሊስኮም። ፖሊሱ ቀይ ቆቡን ደፍቶ ታከርን በአንገት ማሰሪያው ጎትቶ ጓዳ አስገባው፣ በሩንም ዘጋ። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ በሩን ሲቧጥጥ አደረ። ኤልዊን ከበሩ ወዲህ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አብሮት አነጋ። ሲነጋ አልጋውን መግፋት ጀመረ።

በርኒስ በመስኮት አየችው። «ወዴት ነው?»

«ወደ ሊስኮም።»

«ሰውዬ፣ አልጋህ ያለበት ነው መንደርህ። ድምፅ መስጠትህ ይቀርብሃል እኮ! ሹመትህም።»

«አውቃለሁ።»

«ለአንድ ሌባ ውሻ ብለህ?»

«ውሻው ከመንደር ይውጣ ነው የተባለው» አለ ኤልዊን እየገፋ፣ «ብቻውን ይሁን የሚል አልተጻፈም።»

በተከታዩ መጋቢት ስብሰባው ሲጠራ ኤልዊን ከኋላ፣ ድምፅ መስጠት የማይችሉ እንግዶች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በርኒስ የረሳችውን ኬክ ከመኪናዋ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ ሦስቱንም ሹመት አሸክመዋት አገኘች። አንገሸገሻት፤ ግን ሹም ሆና ያቀረበችው የመጀመሪያ ሐሳብ «ታከር ምሕረት ይደረግለት» የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? በመስኮት ስመለከት ምድጃው ጋ ውር ውር የሚል ሰው ጠፋብኝ» አለች።

እጅ ወጣ። የኤልዊንም እጅ ወጣ፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው።

«ኤልዊን፣» አለው ሰብሳቢው ሮይስ፣ አብሮ አደጉ፣ ቀስ ብሎ፣ «እጅህን አውርድ።»

አወረደ። ተቆጠረ። ደጋፊውና ተቃዋሚው እኩል ለእኩል ወጣ። ሮይስ ራሱን አከከ። «እኩል ሲሆን... ያልፋል ወይስ ይወድቃል?»

የሚያውቅ የለም። እስከዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚጠየቀው ኤልዊን ነበርና አዳራሹ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። በርኒስ ዓይኗን አፍጥጣ ያልፋል በል፣ በል እንጂ ትለዋለች። እንግዳው እንዲናገር ተፈቀደለት። ኤልዊን ተነሳ።

«እኩል ድምፅ» አለ፣ «ይወድቃል።»

ሮይስ በመዶሻው ጠረጴዛውን መታ። በርኒስ እስከ በሩ ተከተለችው፤ ተናዳ ታለቅሳለች። «አንተ ደረቅ፣ አንድ ቀን ብትዋሽ ምን ነበረበት?»

ኤልዊን ኮቱን ቆለፈ። «ዛሬ መዋሸት የምችል ከሆነማ፣ በርኒስ፣ ያን የዶሮዋን ቀንም መዋሸት እችል ነበር። ታከርን ምን ብዬ ነው የማየው?»