ሃያ ስምንት ቀን በጀርባ

ኢፍቱ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። ኢተያ ገበያ ሽንኩርቷን የምትሸጠው ቆማ ነው፤ ገዢ ሲጠፋ እሷው ዞራ ትፈልጋለች። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አማጠች። ልጁ ሞቶ ተወለደና ጓሮ ተቀበረ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ መኝታው ርሷል። ሽንቷ ነው። ልትይዘው ብትሞክር አልያዝ አላት።

ለማንም አልተናገረችም። ውሃ መጠጣት አቆመች። ጨርቅ እየቀደደች ትታጠቃለች፣ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፣ ደግሞ ትታጠቃለች። የባሏ የቱሳ እናት፣ አደ ከዲጃ፣ ሁለት ቀን አይተዋት በሦስተኛው የወንዙ መንገድ ላይ ጠበቋት።

«ጨርቁን ስጪኝ።»

«እድፍ ነው አደ፣ ይተዉት።»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እህቴ በዚህ ነው ከሰው ተለይታ የሞተችው። ተነሺ፣ አሰላ እንሄዳለን።»

ስንዴ የጫነ መኪና ላይ ወጥተው ሄዱ። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ነርሷ፣ ሲስተር ውድነሽ፣ አልጋዋ አጠገብ መጥታ አስረዳቻት።

«ምጡ ሲረዝም የልጁ ራስ የሽንት ፊኛሽን ተጭኖ አቁስሎታል፤ ተቀዷል። ግን ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ቶሎም መጥታችኋል። ቱቦ እናስገባልሻለን። ሽንቱ በቱቦው ከወጣ ቁስሉ ሊገጥም ይችላል። ውሃ በደንብ እየጠጣሽ ሃያ ስምንት ቀን ትተኛለሽ።»

«ባይገጥምስ?»

«አዲስ አበባ ሄደሽ በቀዶ ጥገና ይሰፋልሻል።»

«ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ተኝቼ?» አለች ኢፍቱ። ከቀዳዳው ይልቅ ያስደነገጣት ይሄ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት አንሶላው መርጠቡን አልተወም፤ በሁለተኛው ቀነሰ። እሷ ግን እግሯን ታወራጫለች፣ ቱቦውን ትነካካለች፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ከኢተያ ይሆን ወደ ኢተያ እያለች ታዳምጣለች።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ቱሳ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ባለመሬቱ ትራክተር አምጥቷል። ራሴ አርሳለሁ ብሎ ጭሰኛውን ሁሉ አስነሳ። እስከ እሁድ ቤቱን አፍርሰን ጢቾ፣ አጎቴ ከሊፋ ዘንድ እንሄዳለን።»

«ሽንኩርቱስ?»

ቱሳ ባርኔጣውን አገላበጠ።

«ልጄ የተቀበረበትስ?»

«እዚያ ድረስ አይታረስም ብለዋል።»

«ብለዋል» የሚለው ቃል ኢፍቱን አላስተማመናትም፤ ልትነሳ ሞከረች። እግሯን ከአልጋው ስታወርድ ቱቦው ተሳበና ከሕመሙ የተነሳ ጮኸች። አደ ከዲጃ ትከሻዋን ያዙ።

«ሽንኩርቱን እኔ እነቅላለሁ፣ ጎጆውንም ከልጄ ጋር አፈርሳለሁ። አንቺ ዛሬ ከዚህ አልጋ ብትወርጂ ግን እንደ እህቴ ነው የምትሆኚው!»

እናትና ልጅ ሄዱ። ኢፍቱ አሥራ አንዱን ቀን ብቻዋን ተኛች። ጣራው ሲገፈፍ፣ ትራክተሩ ወደ ጓሮው ሲጠጋ ይታያታል። ለመነሳት ታስብና የአልጋውን ብረት አጥብቃ ትይዛለች።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ቱቦው ወጣ። በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ እያለች ጨርቁን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ተመልሳ ዳሰሰች። ስትስል ጠብ ከምትል ጠብታ በቀር ደረቅ ነው።

«ሦስት ወር ከባል ጋር መተኛትም ሸክምም የለም» አለቻት ሲስተር። «ደግመሽ ስታረግዢ ደግሞ ምጡ ሳይጀምርሽ እዚህ ነይ።»

ቱሳ ሊወስዳት መጣ። መኪና ተራ ሲደርሱ ልጇ የተቀበረበትን ቦታ ጠየቀችው።

«ታርሷል» አላት።

ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳፈረች።

ጢቾ ሲደርሱ አደ ከዲጃ ሮጠው ወጡ። ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለው «እህስ?» አሉ።

«ደርቋል፣ አደ።»

አደ ከዲጃ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

የጢቾ ሰው ስለ ኢፍቱ ሕመም አንድም ነገር አያውቅም። እሷ ግን ገበያ መሃል፣ ሰርግ ላይ፣ እየሳቀች እንኳ እጇ ሹልክ ብሎ ቀሚሷን ይዳስሳል። ሁለት ጤነኛ ልጆች አሰላ ወልዳም ይህ ልማድ አልለቀቃትም።