በቀቀን ያለበት የሐር ሱሪ

ስሜ ሰልሚያ ነው። ቡታጅራ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ካኪ ስጡኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሱሪ አወጣላችኋለሁ። ሐር ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። ይህን ለቲቸር ዘነበች መንገር ስችል አልነገርኳቸውም። ጉራዬ ነው የጣለኝ።

ቲቸር ዘነበች አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው። ደብተራችን ላይ መስመር ካጣመምን ገጹን ሙሉ ያስደግሙን ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በጥቁር ጉርድ ቀሚስ ነው ያስተማሩት፤ ሌላ ልብስ ያላቸውም አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። ሰኞ ዕለት ሱቄ መጡና ከቦርሳቸው አንድ ጨርቅ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ፤ ብርቱካንማ ሐር፣ መዳፍ የሚያህሉ ቀይና አረንጓዴ በቀቀኖች የተሰለፉበት። ቲቸር ተሳስተው የሌላ ሰው ቦርሳ ያነሱ መሰለኝ።

«ሱሪ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለበጋ የሚሆን፣ ሰፋ ያለ፣ ወገቡ ላስቲክ። ቅዳሜ ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር ሐዋሳ እንሄዳለን። በዕድሜዬ ሱሪ ለብሼ አላውቅም፤ ሐይቁ ዳር በዚህ መንሸራሸር አማረኝ። ትችይዋለሽ?»

«ቲቸር ደግሞ! ለኔ እንኳን ይኼ ምንም አይደል!» አልኩ።

ምንም አይደል ያልኩት ጨርቅ እንደ እርጥብ ሳሙና ከእጄ እየሾለከ አስለቀሰኝ። ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፌ፣ ከጋዜጣው ጋር አብሬ ቆረጥኩት። ቀጭን መርፌ ገዛሁ። ጠርዙ እንዳይተረተር ስፌቱን ሁለቴ አጠፍኩት። አንድም ቦታ አልተኮማተረም፣ ወላሂ! ዓርብ ከሰዓት ሱሪውን ጨርሼ ግድግዳው ላይ ስሰቅል በደስታ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ጎረቤቴ ሀቢቡ፣ የወንድ ሙሉ ልብስ ሰፊው፣ በበሩ ብቅ አለ። «ማሻአላህ!» ብሎ ጀመረና አንገቱን ዘመም አደረገ። «ሰልሚያ፣ የግራው እግር ወፎች ምን ሆነው ነው በጭንቅላታቸው የቆሙት?»

ቀና ብዬ አየሁ። ያ አላህ! ልማዴ ጉድ ሠርቶኛል። እኛ ዩኒፎርም ሰፊዎች ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን እግር ወገቡን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወገቡን ወደ ታች አድርገን ጎን ለጎን እንቆርጣለን። ካኪ ላይና ታች የለውም፤ ማንም አያውቅብሽም። በቀቀን ግን ራስና እግር አለው! የተረፈው ቁራጭ ደግሞ መሀረብ ቢወጣው ነው።

ሀቢቡ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ፋሽን ነው በያቸው። አዲስ አበባ የሚለበሰው እንዲህ ነው በያቸው። ከየት ያውቃሉ?»

ክፉ ምክር ነው፤ ግን ልቤ ወደደው። አሥር ሰዓት ላይ ቲቸር ሲመጡ ውሸቴ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ለብሰውት ሲወጡ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። መስታወቱ ፊት አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ሁለተኛ ዞሩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሰልሚያ፣ ይኼ የግራው…»

«ፋሽን…» ብዬ ጀመርኩ። ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አልቻልኩም። «አይደለም ቲቸር። ተሳስቼ ነው። ሐር ሰፍቼ አላውቅም፤ እችላለሁ ብዬ ዋሸሁዎት። ጨርቅዎን አበላሸሁት፣ ጉዞዎንም አበላሸሁብዎ። ይቅር ይበሉኝ።» እንባዬ መጣ።

ቲቸር በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብለው አጎንብሰው ጉልበታቸውን ያዩ ጀመር። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አስለቀስኳቸው ብዬ መሬት ዋጪኝ አልኩ። ለካ እየሳቁ ነው!

«ነይ እስኪ» አሉኝ፣ «ከኋላዬ ቆመሽ በኔ በኩል እዪው።»

ቆሜ በትከሻቸው ላይ ቁልቁል አየሁ። ተቀምጠው ሲያዩት የተገለበጡት የቀኙ በቀቀኖች ናቸው። የግራዎቹ በሙሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ቀኙ ለሰው ነው» አሉ፤ በመዳፋቸው የግራ ጭናቸውን እየዳበሱ፣ «ግራው ለኔ። ሠላሳ አራት ዓመት ርእሰ መምህሩ ምን ይላል፣ ወላጅ ምን ይላል እያልኩ የለበስኩት ሁሉ ለሰው ነበር። ለራሴ ስለብስ ይኼ አንድ እግር የመጀመሪያዬ ነው። ጌታ ይባርክሽ!»

አቀፍኳቸው። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ።

«የሚቀጥለውን ሁለቱንም እግር ወደኔ አዙረሽ ትሰፊልኛለሽ» አሉኝ።

ሱሪውንም አላወልቅም ብለው እንደለበሱት ወጡ። እኔና ሀቢቡ በር ላይ ቆመን አየናቸው። በአስፋልቱ ዳር ትንሽ ይራመዱና ቆም ይላሉ፤ የግራ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ያዩታል፤ ከዚያ ደግሞ ይሄዳሉ።