ከዳር የምትመልሰው

እኔ ፀሐይቱ አፌ ሰፊ ነው፤ አልክድም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የደበቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ደህና አድርጌ ነበር የደበቅኩት። ሱፊያን የሚባል የቢሾፍቱ ሰው ላፕቶፑን አዝሎ እስኪመጣ ድረስ።

አዳማ ያለው የስጋጃ ፋብሪካችን ትልቅ አይደለም። ሰፊ ስጋጃ ሲታዘዝ አምስት ሴቶች አንድ መሸመኛ ፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እኔ ከኋላቸው ንድፉን ይዤ እጠራለሁ፦ «ቀይ ሦስት! ነጭ ሁለት! ጥቁር አንድ!» አበባው በየፊታቸው የሚደጋገም ስለሆነ አምስቱም እኩል ይቋጥራሉ። አንዷ ወደ ኋላ ከቀረች ማጉ አያልፍም፤ ሁሉም ይቆማል። ታዲያ መስመሩ ሲያልቅ «ኦብሴ?» እላለሁ። ከቀኝ ዳር የምትቀመጠው ኦብሴ «ገኤራ!» ትላለች፤ በኦሮምኛ ደርሻለሁ ማለቷ ነው። ያኔ ወደሚቀጥለው መስመር እንሄዳለን።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ደገፋ አንዴ «ለምን እሷን ብቻ ትጠይቂያለሽ?» ብለውኝ ነበር። «የሙያው ደንብ ነው፤ ከዳር ያለችው ናት የምትመልሰው» አልኳቸው። ደንብ! ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ከገዛ ሆዴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የፈላ የቀለም በርሜል ተገልብጦ የኦብሴን ቀኝ እጅ ላጠው። ቁስሉ ዳነ፤ አቶ ደገፋም ዳነች ሲባሉ ረሱት። ሁለቱ ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። ባሏ ወንጂ አገዳ ሲቆርጥ ወገቡን ተይዞ ቤት ከዋለ ቆይቷል፤ ሦስት ልጆች የሚያድጉት በዚያች እጅ ነው። ቀርፋፋ ናት ከተባለች አንድ ቀን አታድርም። ስለዚህ ዳር አስቀመጥኳት፤ መልስ ሰጪ አደረግኳት። መስመሩ አለቀ የሚባለው እሷ ስትመልስ ስለሆነ ማን እንደዘገየች አይታይም። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ዝም አሉ። ሥራዋ ደግሞ! ስጋጃውን ገልብጠህ ብታየው የኦብሴን ቋጠሮ ከሌላው አትለየውም። የምትለየው ሰዓት ይዘህ ከቆምክ ብቻ ነው።

ሱፊያን የመጣው አቶ ደገፋ የገዙትን ሲስተም ለእኛ ሥራ እንዲያስተካክል ነበር። ሲስተሙ መጀመሪያ የተሠራው ለብስኩት ፋብሪካ ነው፤ ሙች እውነቴን ነው! ስጋጃ ሲሉት «ስንት ካርቶን?» ይላል። ቀይ ሱፍ አርባ ኪሎ አለ ካለ አለ ነው፤ ሰኞ የተነከረው ቀይና ሐሙስ የተነከረው ቀይ አንድ ስጋጃ ላይ ከገቡ እንደሚጣሉ አያውቅም።

«ይሄ ነገር ዕውር ነው እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። «እትዬ ፀሐይቱ፣ እርስዎ ዓይኑ ይሁኑለታ» አለኝ። አይ አፍ!

ወደድኩት፤ ምን ልዋሽ። ጠዋት ሲገባ ኦብሴን «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላም ሳይል አያልፍም። ሁለት ወር ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያልኩትን ሁሉ ጻፈ። በአንድ በርሜል ለተነከረ ሱፍ ሁሉ የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ የቀለም መደባለቅ ቀረ። እኔም ምሳ ዕቃዬን እየከፈትኩ በእጄ አጎርሰው ነበር።

አንድ ቀን የበር መጥሪያ የሚመስሉ አምስት ቁልፎች ይዞ መጣ። «እያንዳንዷ መስመሯን ስትጨርስ ትጫነዋለች። ማን መቼ እንደጨረሰች ሲስተሙ ራሱ ይመዘግባል» አለኝ።

ቁልፎቹን ወደ እሱ ገፋኋቸው። «አያስፈልግም! ዳር ያለችው ትመልሳለች።»

«ለምን ግን እትዬ? ምክንያቱን ካልነገሩኝ እንዴት አድርጌ ላስቀረው? ደንብ ነው ብቻ አይበሉኝ።»

ሴቶቹ ለምሳ ወጥተዋል። ዝም ብል ቁልፎቹን ይገጥማቸዋል፤ ከተገጠሙ ኦብሴ በሳምንት ውስጥ ትጋለጣለች። ብነግረውስ? ያጎረስኩት ልጅ ነው አልኩና ነገርኩት። የበርሜሉን ነገር፣ የጣቶቿን፣ ደንቡ የእኔ ፈጠራ መሆኑን፣ ሁሉንም።

«ከኦብሴ ሌላ ይሄን የምናውቀው እኔና አንተ፣ ከላይ ደግሞ አላህ ነው» አልኩት።

«ወላሂ እትዬ፣ ከእኔ አይወጣም» አለ። ቁልፎቹን ወደ ቦርሳው መለሳቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንባው የእውነት ነበር፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ደገፋ ሁላችንንም መጋዘን ውስጥ ሰበሰቡን። ሱፊያን ሥራውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያሳይ ጀመር። የሱፉን ቁጥር ሲያሳይ አጨበጨብን፤ እኔማ መዳፌ እስኪግል ነው ያጨበጨብኩት።

«አንድ ስጋጃ ለምን አራት ወር ይፈጃል ብዬህ ነበር፤ እሱስ?» አሉት አቶ ደገፋ።

ሱፊያን አንዴ አየኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኝም። ላፕቶፑን ጫን ሲያደርግ ግድግዳው ላይ በቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «የመስመር መዘግየት። መቀመጫ አምስት፣ ኦብሴ። ምክንያት፦ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።» ከሥሩ ደግሞ፦ «መረጃ ሰጪ፦ ፀሐይቱ።»

ስሜን! ስሜን ጻፈው!

 ኦብሴ ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ሱፊያንን ግቢው ውስጥ አንቄ ልይዘው ምንም አልቀረኝ። «ምን አደረግኩህ? ምን በደልኩህ አንተ ልጅ?»

«ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አይቀበልም እትዬ። እንዲጠብቋት ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ ደንብ ነው ብለህ አትሞላውም ነበር? ዘጠኝ ዓመት ሰው ሁሉ የተቀበለውን!»

 በማግስቱ የሲስተሙ ኃላፊ ሆኖ በቋሚነት መቀጠሩን ሰማሁ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!

ኦብሴ የስንብት ደብዳቤዋን የተቀበለችው ዓርብ ነው። ማጉን የምትመታበትን የብረት ማበጠሪያ በጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ በር ላይ ደረስኩባት።

«ኦብሴ፣ በሞቴ ስሚኝ። ላንቺው ብዬ ነው።»

«ባሌ እንኳ እዚህ እንዴት እንደምሠራ አያውቅም» አለችኝ። «አንቺ ብቻ ነበርሽ የምታውቂው።» ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ንድፉን መስመር በመስመር የሚያሳይ ስክሪን ከፊቴ ተገጠመ። ጣቷ የሚፈጥነው ሰርክአዲስ የኦብሴ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን መስመር ጠራሁ። ሲያልቅ አፌ እንደለመደው «ኦብሴ?» አለ። የሴቶቹ እጅ ሁሉ ቆመ። ሰርክአዲስ አንገቷን ደፋች። ስክሪኑ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሶ ነበር።

ንድፉን መሬት ላይ ወረወርኩት። «እንግዲህ እሱ ይጥራላችሁ!» ብዬ ወጣሁ። አቶ ደገፋ ከኋላዬ ሲጣሩ እየሰማሁ አልዞርኩም።

በቀጥታ ኦብሴ ቤት ሄድኩ። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። አንኳኳሁ፤ ሬዲዮው ጠፋ።

«ኦብሴ፣ ፀሐይቱ ነኝ። ሥራውን ትቼው መጣሁ። ያላንቺ አልጠራም ብያቸው ወጣሁ።»

 በኋላ ከበሩ ጀርባ፣ ቅርብ ሆና፣ «አሁንስ ማን እንዲጽፈው ነው የምትነግሪኝ?» አለች።

 ደጃፏ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቶቿ ልብስ እያሰጡ ያዩኛል፤ ይዩኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠራት ያልመለሰችበት ቀን የለም።

«ኦብሴ?» አልኩ፣ መስመር እንዳለቀ ሁሉ። ጠበቅኩ። ከውስጥ እግሯ ሲራመድ፣ ከዚያም ሬዲዮው እንደገና ሲከፈት ሰማሁ።