የሸልቢ ዓይንና ሁለቱ ጠብታዎች

ሸልቢ በረሺድ ከተማ አካባቢ እንደ እኔ ያለ ደፋር ተምር ለቃሚ የለም እያለ ደረቱን ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። አንዲት የተምር እሾህ ዓይኑን ወጋችውና ፈንገስ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ጀግና የዓይን ጠብታ ሲያይ ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል።

«ገደልሽኝ! አቃጠለኝ እኮ!»

«ዛፍ ላይ ጀግና፣ ጠብታ ሲመጣ ዋይ ዋይ! ወይ አበሳዬ!» አለች ሚስቱ ናጊያ፣ ብልቃጡን እንደያዘች። «ሐኪሟ ነግራሃለች። ያቃጥላል፣ ያቀላል፣ ነጭ ነገርም ዓይንህ ላይ ይለጠፋል፤ መድኃኒቱ ነው። ከባሰብህ ቶሎ ና፣ በራስህ ግን እንዳታቋርጥ ብላሃለች። ዓይንህ ከጠፋ ማን ዛፍ ላይ ሊያወጣህ ነው?»

ሸልቢ ዛፍ ከመውጣት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

በዚህ መሃል አጎቱ ሐጂ ዘህራን ከች አሉ። የጥጥ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ራሳቸውን የመንደሩ ሐኪም አድርገው ሾሙ። ሻያቸውን ፉት እያሉ የሸልቢን ዓይን አፍጥጠው አዩት።

«ይኸው! ዓይኑን አነጣችው፣ ሐኪም ተብዬዋ!» ብለው ነጩን በመሃረባቸው ሊጠርጉት ሲሉ ናጊያ እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ከኪሳቸው ሌላ ብልቃጥ አወጡ። «ይኼ ቀዝቃዛ ነው። ቅላቱን ወዲያው ያጠፋል።»

ናጊያ ተቀብላ የተጻፈበትን አነበበች። ኮርቲዞን ነው። ቅላቱን ደብቆ ፈንገሱን ይቀልባል ብላ ሐኪሟ ያስጠነቀቀቻቸው እሱን ነበር። ብትናገር ማን ሊሰማት! ሸልቢ እጁን ዘርግቷል።

«ስጪኝ፣ እሱ ይሻለኛል።»

«እሺ። ግን ታላቅ ይቀድማል» አለችና ክዳኑን ከፈተች። «አጎቴ፣ እስቲ ቀና ይበሉ። አንድ ጠብታ ብቻ።»

«እኔን? ምን ቆርጦኝ!» ሐጂ ከመቀመጫቸው ሲነሱ ሻዩ ጭናቸው ላይ ተደፋ። «የኔ ዓይን ጤነኛ ነው!»

«ቀዝቃዛ ነው አላሉም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይን እኮ ቀልድ አይደለም!»

«አሃ! የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነዋ!»

ሸልቢ በደህናው ዓይኑ አጎቱን ትክ ብሎ አያቸው። በሩ ጋ ደርሰዋል። ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለና የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ።

«ናጊያ፣ የኛን አምጪው» አለ። «አቃጥዪኝ።»